«ጠፍታለች» ማለት ምን ማለት ነው?

እስቲ አንዲት ሴት እናስብ። ስሟ ወይዘሮ እገሊት ይሁን። አትፈልጓት፣ የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ አለ፣ መድኃኒት ጀምራለች፣ ወር በገባ በ15 ቀጠሮ አላት። መስከረም 15 መጣች። ጥቅምት 15ም መጣች፣ የአንድ ወር ኪኒን ተቀብላ ሄደች። ኅዳር ላይ ቀረች። ታኅሣሥ የለችም፣ ጥር የለችም፣ የካቲት የለችም፣ መጋቢትም የለችም። ሚያዝያ 1 ቀን ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ብቅ!

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህቺ ሴት ክትትል ላይ ናት ወይስ ጠፍታለች?

«ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?» እንዳትሉኝ። በዚህ ጥያቄ ላይ የዓለም ሐኪሞችና የቁጥር ሰዎች ከሃያ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። መልሱ በተለወጠ ቁጥር በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በወረቀት ላይ «ይጠፋሉ» ወይም «ይገኛሉ»። የዛሬው ጨዋታዬ የዚህ ቆጠራ ታሪክ ነው። (ዓ.ም ካላልኩ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከኤችአይቪ አይደለም፣ ከሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካረል ስቲብሎ የሚባል ሐኪም ታንዛኒያ ውስጥ አንድ ቀላል መላ ሥራ ላይ አዋለ። በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ሕክምና የጀመሩትን ሰዎች እንደ አንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ላይ መዝግብ፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ የእያንዳንዳቸውን ውጤት ቁጠር። ዳነ፣ ጨረሰ፣ ሞተ፣ አቋረጠ፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990ዎቹ በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው የነቀርሳ ፕሮግራም የቆመው በዚህ መዝገብ ላይ ነው። ከ2004 ጀምሮ ማላዊ የኤችአይቪ መድኃኒትን ለሕዝቧ ስታዳርስ ያንኑ መዝገብ ተዋሰች።

ተውሶው ጥሩ ነበር፣ አንድ ችግር ግን ነበረው። የነቀርሳ ሕክምና መጨረሻ አለው፤ በወራት ውስጥ ሰውየው ይድንና መዝገቡ ይዘጋል። የኤችአይቪ መድኃኒት ግን የዕድሜ ልክ ነው። በመዝገቡ ላይ «ዳነ» የሚል ሳጥን የለም። መዝገቡ የሚያውቃቸው መውጫዎች ሞት፣ ዝውውር፣ ማቋረጥና መጥፋት ብቻ ናቸው። መልካሙ ውጤት መቆየት ነው፤ መቆየት ደግሞ በየቀጠሮው እንደገና የሚረጋገጥ ነገር ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም የቀብር ዘመን ሆነ። የ90ዎቹ ልጆች የሆንን ሁሉ ድንኳኑን እናስታውሰዋለን፤ «በምን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ በሹክሹክታ የሚጠየቅበትን ጊዜም እናስታውሰዋለን። በ2003 መድኃኒቱ ገባ፣ ግን በክፍያ ነበር። ገንዘብ ያለው ጀመረ፣ ገንዘቡ ያለቀበት አቆመ። ነፃ የሆነው በጥር 1997 ዓ.ም፣ ማለትም በ2005 መጀመሪያ ነው። በዚያው ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት «3 ሚሊዮን ሰው እስከ 2005 መጨረሻ» የሚል ዘመቻ ላይ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ቁጥሩ 1.3 ሚሊዮን አካባቢ ደረሰ።

ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን «ስንት ሰው ጀመረ?» የሚለው ላይ ነበር። የኛ አገር ሪፖርት ሦስት ዓምድ ነበረው፦ ለክትትል የተመዘገበ፣ መድኃኒት የጀመረ፣ አሁን በመውሰድ ላይ ያለ። ዜና የሚሆነው ሁለተኛው ዓምድ ነው፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስማ! አንዴ የጀመረ ሰው ቢሞትም «የጀመረ» ነው። እውነቱ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓምድ መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነበር። እዚያ ውስጥ ያሉት ሰዎች የት ሄዱ?

ይህንን ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀው በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ሲድኒ ሮዘንና ባልደረቦቿ ከሰሐራ በታች ካሉ 13 አገሮች 33 የሕሙማን ቡድኖችን መዝገብ አሰባስበው ደመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕክምናው ላይ የቆየው በአማካይ ከመቶ 60 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከወጡት ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምን እንደሆኑ አይታወቅም። ጠፍተዋል፣ በቃ።

ታዲያ አንዳንዶች ተነሥተው ፍለጋ ሄዱ። በሰሜን ማላዊ ጠፉ የተባሉ 253 ሰዎች ተፈልገው ግማሽ ያህሉ ሞተው ተገኙ። ኡጋንዳ ምባራራ ደግሞ ኤልቪን ጌንግና ጓደኞቹ ብልሃት ፈጠሩ። ከ829 ጠፊዎች ሁሉንም መፈለግ ስለማይቻል 128 ሰዎችን በዕጣ መርጠው ቤት ለቤት ፈለጉ። የ111ዱ ነገር ታወቀ፤ 32ቱ ሞተዋል። የሚገርመው ግን ሌላው ወገን ነው። በአካል ተገኝተው ከተጠየቁት ብዙዎቹ ሌላ ክሊኒክ ይታከሙ ነበር። የቀድሞ ክሊኒካቸውን ለምን እንደተዉ ሲጠየቁ የመጓጓዣ ገንዘብና ርቀት ከዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል ሆኑ።

አስተውሉ! «ጠፋ» የሚለው አንድ ቃል ሬሳውንም፣ ጤነኛውንም፣ የታክሲ ሳንቲም ያጣውንም በአንድ ከረጢት ከትቶ ነበር። ክሊኒኩ «ከኔ ዘንድ የሞተ ሰው ጥቂት ነው» ብሎ ሲኩራራ ሟቾቹ «ጠፉ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ተደብቀው ነበር። በኛም አገር ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰፈር ውስጥ እንዳይታይ ከራቀ ክሊኒክ የተመዘገበ አለ፣ ለሥራ አገር የለቀቀ አለ፣ መድኃኒቱን ትቶ ጸበል የገባ አለ። በ2007 አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ መናገራቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው የመለኪያዎች ጦርነት ነው። እዚህ ላይ ወይዘሮ እገሊትን እንጥራት።

በኢትዮጵያ ክሊኒኮች መዝገብ ከቀጠሮዋ ከአንድ እስከ ሦስት ወር የዘገየች ሴት «ጠፍታለች»፤ ከሦስት ወር ካለፈ «አቋርጣለች»። ስለዚህ የኛ ሴት ታኅሣሥ ላይ ጠፋች፣ የካቲት ላይ አቋረጠች።

በ2011 ቤንጃሚን ቺና ባልደረቦቹ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የ111 ጤና ተቋማትን መዝገብ መርምረው አንድ ወጥ ትርጉም አቀረቡ፤ ከመጨረሻው ጉብኝት 180 ቀን ካለፈ ጠፍቷል ይባል። እገሊት ከጥቅምት 15 እስከ ሚያዝያ 1 የቀረችው 166 ቀን ነው። አልጠፋችም!

በአሜሪካ የጤና አስተዳደር ይጠቀምበት የነበረው መለኪያ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ በ90 ቀን የሚራራቁ ሁለት ጉብኝቶችን ይጠይቃል። ጥቅምትና ሚያዝያን ቁጠሩ። እገሊት በዚህ መለኪያ ጎበዝ ታካሚ ናት!

የቀሩ ቀጠሮዎችን የሚቆጥር መለኪያ ቢመጣ ደግሞ አምስት ጊዜ ቀርታለች፤ ውራ ናት። ማይክል ሙጋቬሮና ጓደኞቹ በ2012 እነዚህን የመሳሰሉ ስድስት መለኪያዎችን አወዳድረው ሁሉን የሚያሸንፍ አንድም አላገኙም።

የእገሊት ደም ግን ከማንም ጋር አይከራከርም። ኪኒኗ ኅዳር 15 አልቋል። 136 ቀን ያለ መድኃኒት ቆይታለች፤ ቫይረሱ ደግሞ ትርጉም እስኪወጣለት አይጠብቅም። በ2011 የወጣ ትልቅ ጥናት ቶሎ መድኃኒት መጀመር ወደ ትዳር ጓደኛ የመተላለፍን ዕድል በ96 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ቀጠሮ የእሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ጋርድነርና ባልደረቦቹ የአሜሪካን ጉድ ገለጡ። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ጀምረው በየደረጃው የሚንጠባጠበውን ሲቀንሱ ቫይረሱ በቁጥጥር ሥር የዋለላቸው ከመቶ 19 ብቻ ሆኑ። ሀብታም አገርም ሰው ይጥላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም በደረጃ መቁጠር ጀመረ፤ በ2014 የመጣው «90-90-90» የዚህ ልጅ ነው። በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች ቤት ለቤት ደም ተወስዶ በተደረገው ጥናት ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች ከመቶ 79ኙ ራሳቸውን ያውቃሉ፣ ከሚያውቁት 97ቱ መድኃኒት ላይ ናቸው፣ ከነዚህ ደግሞ 88ቱ ቫይረሱን ተቆጣጥረዋል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከ2017 ጀምሮ አገራችን ለተረጋጉ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ጀመረች። ለታካሚው እፎይታ ነው፤ ሰልፍ የለ፣ ከአለቃ ፈቃድ መለመን የለ። ጉብኝት የሚቆጥሩት የድሮ መለኪያዎች ግን ግራ ተጋቡ፤ በዓመት ሁለቴ ብቅ የሚለው ሰው ከሁሉ የተሻለው ታካሚ ሆነ። ስለዚህ የሚቆጠረው «ከመጨረሻው ጉብኝት» ሳይሆን «ሊመጣ ከሚገባው ቀን» ጀምሮ ሆነ። ትልቁ የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም፣ ፔፕፋር፣ በ2019 አካባቢ ልኩን ከ90 ቀን ወደ 28 ቀን አወረደው። ቆይቶም «ጠፋ» የሚለው ቃል ለ«ሕክምናው ተቋረጠ» ቦታ ለቀቀ። እገሊት በዚህ ልክ ታኅሣሥ 13 ላይ ትታወቅ ነበር። ሰው ደውሎላትም ይሆን ነበር።

የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ነው፦ የሚደውለው ማን ነው? ከመለኪያው ጀርባ መዝገቡን የሚያገላብጥ ልጅ አለ፤ ስልክ የምትመታ፣ ራሷም ቫይረሱ በደሟ ያለባት፣ ሰፈር ለሰፈር የምትዞር አጋዥ አለች። በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በድንገት ሲታገድ ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። መድኃኒት ሲጎድል ባዶው መደርደሪያ ያስታውቃል። ቆጣሪ ሲጎድል ግን ምንም አይታይም፤ «ጠፍታለች» የሚል ሰው ራሱ የለማ!

የኔ መደምደሚያ ይህ ነው። ለሪፖርት የሚጠቅም መለኪያና ለሰው የሚጠቅም መለኪያ አንድ አይደሉም። 180 ቀን የሚጠብቀው የአገርን ውጤት ለማወዳደር ይመች ይሆናል፤ 28 ቀን የሚጠብቀው ግን እገሊትን ኪኒኗ ካለቀ በኋላ ቶሎ ያስፈልጋታል። ሁለተኛው ሪፖርቱን ያከፋዋል፣ ክሊኒኩን «ብዙ ሰው ጠፋበት» ያሰኘዋል፤ ግን የሚፈለገው ሰው ገና በሕይወት ሳለ ይነግረናል።

ሚያዝያ 1 ቀን መስኮቱ ላይ የቆመችው ሴት ይህንን ሁሉ አታውቅም። የምታውቀው ካርድ ሠራተኛው ቀና ብሎ የሚላትን የመጀመሪያ ቃል ነው። «የት ጠፍተሽ ነው?» ካላት አንገቷን ትደፋለች። «እንኳን መጣሽ፣ ግቢ» ካላት ግን የሚቀጥለው ወር 15 ላይ የምትገኝ ይመስለኛል።