ከአጋሰስ እስከ ካሚዮን፦ የስንቅና ትጥቅ ሥራ በኢትዮጵያ የጦር ታሪክ

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የጀግናው ስም፣ የውጊያው ዕለትና የድሉ ቦታ ይመዘገባሉ። ተዋጊው ከዚያ ቦታ እስኪደርስ ድረስ እህሉን ማን እንደ ፈጨለት፣ ጥይቱን ማን እንደ ጫነለት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጦር ያለ ስንቅ የማይንቀሳቀስ እንደ መሆኑ መጠን፣ የነዚህን ሠራተኞች ሙያና የሙያውን ለውጥ መመርመር የጦርነቱን ውጤት ራሱን ለመረዳት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ጦር ራሱን የቻለ የስንቅ ክፍል አልነበረውም። ክተት ሲታወጅ ዘማቹ የየራሱን ስንቅ ይዞ ይነሣ ነበር። በሶው፣ ጭኮው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹና ቋንጣው በስልቻና በአቁማዳ ተሞልቶ በአህያ፣ በበቅሎና በአጋሰስ ይጫናል። ከጦሩ ኋላ ሚስቶች፣ ገረዶች፣ አሽከሮችና ጫኞች ይከተላሉ። ጫኙ የጭነቱን ሚዛን ማስተካከል፣ የገጠበን ጀርባ ማከም፣ ውሃና ሣር ያለበትን ሰፈር መለየት ነበረበት፤ ይህም ተራ ጉልበት ሳይሆን በረጅም ልምድ የሚገኝ ሙያ ነበር። ሴቶቹም ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ እንጨትና ውሃ ይሸከማሉ፣ ቁስለኛ ያስታምማሉ። ስንቁ ሲያልቅ ጦሩ የሚኖረው በባላገሩ ጎተራ ነበር። ስለዚህም ጦር ያለፈበት አገር፣ የወዳጅም ይሁን የጠላት፣ ይራቆት ነበር።

የዚህ አሠራር ድክመት በ1860 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደሉን እያስናዱ መንገድ አሠሩ፤ ራሳቸውም ድንጋይ ተሸከሙ። ጉዞው ወራት ፈጀ። መድፉ ቢደርስም፣ በዘረፋ የተማረረው ባላገር ከንጉሡ ርቆ ነበር። በዚያው ጊዜ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር 13,000 ያህል ወታደሮችን፣ ከወታደሩ የሚበልጡ የአገልግሎት ሠራተኞችንና 44 ዝሆኖችን ይዞ መጣ። ዙላ ላይ የመርከብ ማራገፊያ ሠራ፣ የባሕር ውሃ የሚያጣራ መሣሪያ ተከለ፣ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ እህሉንም ከባላገሩ በማርትሬዛ ብር ገዛ። ይሁን እንጂ ይህ ጦር እንኳ በመጀመሪያ በቂ የሠለጠነ ጫኝ ስላልነበረው በርካታ በቅሎዎች በጥምና በበሽታ አልቀውበታል። መሣሪያ ያለ ባለ ሙያ ከንቱ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ዐፄ ምኒልክ ወታደሩ በባላገር ቤት እየተመራ የሚኖርበትን ልማድ ለመግታት በ1880ዎቹ ዓመታት የአሥራት ግብር አቆሙ፤ ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለወታደሩ ቀለብ እንዲያስገባ ተደረገ። በ1888 ዓ.ም. 100,000 ያህል ሰው ወደ ሰሜን ሲዘምት አገሪቱ ከክፉ ቀን ረኀብና ከከብት እልቂት ገና ማገገሟ ነበር። መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ የወደቀው በጥይት ብቻ ሳይሆን ምንጩ ስለ ተያዘበት ነው። ዐድዋ አጠገብ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው ሲሰነብቱ የሁለቱም ስንቅ እየተሟጠጠ ነበር፤ ባራቲዬሪ የቀረው የጥቂት ቀናት ቀለብ መሆኑ ወደ ውጊያው ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በየካቲት 23ቱ ውጊያ እቴጌ ጣይቱና ሴቶቹ ለተዋጊው ውሃ ማድረሳቸውም የድሉ አካል ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ያም ሆኖ በ1928 ዓ.ም. ጠላት መንገድ እየቀደደ በካሚዮን ሲገሰግስ፣ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጦር በእግሩና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። አጋሰሱ ከአውሮፕላን ቦምብና ከመርዝ ጋዝ መሸሸጊያ አልነበረውም። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ መንገዱና ካሚዮኑ ለአገሩ ቀሩ። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ የሚሉት ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት አዲሱ ሙያ ከየት እንደ ገባ ዛሬም ይመሰክራሉ።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ መሣሪያውንና ቀለቡን ከአሜሪካ ጦር እየተቀበለ ተዋጋ። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ሥራው መልኩን ለወጠ። በጫኙ ቦታ ሾፌርና መካኒክ፣ በስልቻው ቦታ መጋዘን፣ በቃል አደራ ቦታ የገቢና ወጪ ካርድ ተተካ። ሆኖም በቅሎ የሚግጠው የደረሰበትን ሣር ሲሆን፣ ካሚዮን ግን ነዳጁም መለዋወጫውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው።

የዚህም ትርጉም በ1969 ዓ.ም. ተገለጠ። የሶማሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት የባቡሩ ድልድዮች ተሰበሩ፤ ሸክሙም በአሰብ መንገድ ሾፌሮች ላይ ወደቀ። የአሜሪካ መሣሪያ ርዳታ ቆሞ በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት መሣሪያ በአየር መግባት ሲጀምር፣ መካኒኩ ሁለት ዓይነት ተሽከርካሪ በአንድ ጋራዥ ማስተናገድ ግድ ሆነበት። በኢንች የተለካ መፍቻ ለሚሊሜትር ብሎን አይሆንም፤ የመጋዘኑም ዝርዝር እንደዚሁ እጥፍ ሆነ። በዚያው ዘመን ከተማውና ገጠሩ ለዘማቹ በሶና ድርቆሽ ያዘጋጅ ነበር። ሄሊኮፕተር በሚበርበት ጦርነት ውስጥ የዐድዋ ዘመን ስንቅና የሴቶች ድካም አሁንም አልቀሩም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የማጓጓዣው መሻሻል ችግሩን አላጠፋውም፤ ከባላገሩ ጎተራ ወደ ወደብ፣ ወደ ድልድይና ወደ መለዋወጫ መደርደሪያ አዛወረው እንጂ። መንገድና ድልድይ የሚነድፍ ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል። የሸክሙን ዋጋ ሲከፍሉ የኖሩት፣ ጎተራው የተራገፈበት ባላገር፣ ወፍጮ ላይ ያደረችው ሴት፣ መንገድ ላይ የቀሩት ጫኝና ሾፌር ናቸው። ስማቸው በድል ሐውልት ላይ ባይቀረጽም፣ ተዋጊው በስፍራው የተገኘው በእነርሱ ነው።