ሳይጓዝ የሚያረጅ ሻንጣ፦ ስለ ቦርሳ አመራረጥ፣ አቀማመጥና ጥገና

ስለ ሻንጣ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ለተጓዥ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከኤርፖርት ኤርፖርት ለሚዞር ሰው። የኛ ነገር ለየት ይላል። ካኩማ ካምፕ በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እዚህ ሻንጣ ማለት ቁም ሳጥን ነው፣ የወረቀት መዝገብ ቤት ነው፣ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ወንበር ነው። አንድ ቀን ይበራል ተብሎ ተገዝቶ ስድስትና ሰባት ዓመት አልጋ ስር ይቀመጣል። ስለዚህ የኛን ሻንጣ የሚገድለው የአውሮፕላን ጫኝ ሳይሆን ፀሐይ፣ አቧራ፣ ምስጥና መቀመጥ ራሱ ነው።

በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን ስታቆም ሻንጣቸውን አስረው፣ ድስትና ፍራሻቸውን ሸጠው የነበሩ ሰዎች ጉዟቸው ተሰረዘ። ድስቱ ተመልሶ ተገዛ፤ ሻንጣው ግን እንደታሰረ የቀረበት ቤት አለ። ይህን ለማዘጋጀት ያነሳሳኝም እሱ ነው። የታሰረ ሻንጣ ሳይከፈት ሲቆይ ውስጡ ምን እንደሚሆን ብዙ ሰው አያስብም። እኔ አስተማሪ እንጂ ቦርሳ ሰፊ አይደለሁም፤ ነገር ግን ከመቶ በላይ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚቀደድ ቦርሳ ስታይ፣ የት የት እንደሚቀደድ ሳትወጂ ትማሪያለሽ። የቀረውን ያገኘሁት ከጫማ ሰፊዎች፣ እዚህ ፉንዲ ከምንላቸው፣ እና ከማንበብ ነው።

ከጨርቁ ልጀምር

ገበያችን ላይ ያለው ሻንጣ ሁሉ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ጨርቁ ይለያያል። በጣም ርካሹ ቀይና ሰማያዊ ሰንጠረዥ ያለበት የማዳበሪያ ቦርሳ ነው። በምዕራብ አፍሪካ «ጋና መስት ጎ» ይሉታል፤ «ጋናውያን ይውጡ» እንደማለት ነው። ስሙ የወጣለት በ1983 ናይጄሪያ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሰዎች፣ በተለይ ብዙ ጋናውያንን፣ በአጭር ቀን ውጡ ስትል ሰዉ ዕቃውን በዚህ ቦርሳ ጭኖ ስለወጣ ነው። ከስደት ጋር የቆየ ዝምድና አለው ማለት ነው። የተሠራው እንደ እህል ማዳበሪያው ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ይህ ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ውሃ አይመጠውም፣ ሲሳብም ጠንካራ ነው። ፀሐይ ግን አይችልም። መከላከያ ካልተጨመረበት በቀር የፀሐይ ጨረር ያደርቀዋል፣ ከዚያ በጣት ሲነካ እንደ ገለባ ይፈረፈራል። ውጭ የቆየ ማዳበሪያ አንስቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም። ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ከዋለ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ርካሹን ቦርሳ አልንቀውም፤ ቦታውን ልወቅለት ነው የምለው።

ከዚያ በላይ ያሉት ናይለንና ፖሊስተር ናቸው። ናይለን ሲፈተግ ይበልጥ ይችላል፣ ፖሊስተር ደግሞ ፀሐይን ይበልጥ ይችላል። ተራራ ለሚወጣ ሰው ናይለን ይሻለዋል፤ ለቱርካና ፀሐይ ግን እኔ ፖሊስተር እመርጣለሁ። መለያው ላይ 210፣ 600 ወይም 1000 የሚል ቁጥር ካያችሁ የክሩ ውፍረት ነው። ዴኒየር ይባላል፤ ከዚያ ክር 9,000 ሜትሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። 210 ስስ ነው፣ ለገበር ይሆናል። ለሻንጣ 600ና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ቁጥሩ ብቻውን ግን አያድንም። ጨርቁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፦ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ ስስ ሽፋን አለ። በጥፍር ሲፋቅ የሚላጥ ከሆነ ወይም ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ያ ቦርሳ አዲስ ቢመስልም መጋዘን ውስጥ አርጅቷል። ይህ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙበት ሳትጠቀሙበትም ይበሰብሳል። ዩጋንዳ ናኪቫሌ ወይም ዝናብ የሚበዛበት ሌላ ቦታ ያላችሁ ከኛ የበለጠ ተጠንቀቁ።

አስመሳይ ቆዳውን ባትገዙት ደስ ይለኛል። ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቃል፣ ሙቀት ቤት ውስጥ ጥቂት ከቆየ እንደ ተጠበሰ ሽንኩርት ልጣጩ ይነሳል። ጠንካራው የፕላስቲክ ሻንጣ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሲጫኑት ይለምጣል ይመለሳል፣ ኤቢኤስ የሚባለው ግን ሲመታ ይሰነጠቃል። በእጅ ጫን ብላችሁ ሞክሩት። ጎማ ያለው ሻንጣ የካምፕ መንገድ ላይ እንደማይነዳ ግን አትርሱ። አሸዋው የጎማውን መዞሪያ በልቶ ይጨርሰዋል፤ መሸከሙ ወይም በቦዳ ቦዳ ማስጫኑ ይሻላል።

ሰልባጅ፣ ሚቱምባ የሚሉት ገበያ ላይ ያለውን አሮጌ ሻንጣ ብዙ ሰው ያፍርበታል። እኔ ግን እሱን አስቀድሜ አየዋለሁ። አንድ ዕድሜ ኖሮ ዚፑ የሚሠራና ስፌቱ ያልላላ ሻንጣ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው።

ዚፕ

ሻንጣ ከሚጣልባቸው ምክንያቶች ዋናው ዚፕ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም ያለ አግባብ ይጣላል። የራሴን ቦርሳ ይዤ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ብሄድ፣ «ቲቸር፣ ዚፑን ሙሉ ከቀየርኩልሽ ገንዘብሽን መብላት ነው፤ የሞተው ራሱ ብቻ ነው» አለኝ። ራስ የሚሉት ጥርሶቹን የሚያጋጥመውን ተንሸራታች ብረት ነው። ሲመላለስ በአቧራ እየተፋቀ ውስጡ ይሰፋል፣ ጥርሶቹን አጥብቆ መጫን ያቅተዋል። ዚፑን ትዘጋላችሁ፣ ከኋላው ይከፈታል። ጥርሱ ደህና ነው።

ማስተካከያው ፒንሳ ነው። ራሱን ወደ መነሻው መልሱት፣ የኋለኛውን ጫፍ በግራም በቀኝም በኩል ተራ በተራ ቀስ ብላችሁ ጨመቅ አድርጉ፣ ሞክሩ፣ አሁንም ካልያዘ ትንሽ ጨምሩ። አንዴ በኃይል ከጨመቃችሁት ይሰበራል። ደጋግሞ ከላላ ራሱን ቀይሩት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ የተዘጋው ጥርስ ስፋት በሚሊ ሜትር ወደዚያ ይጠጋል። ከሌላ አሮጌ ቦርሳ ስትወስዱ ቁጥሩም፣ የዚፑ ዓይነትም አንድ ይሁን። የተቀደደ ቦርሳ ስትጥሉ ዚፑን፣ ዘለበቱንና ማንገቻውን ቆርጣችሁ አስቀሩ። እኔ ጋ አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ አለ።

አዲስ ስትገዙ ዓይነቱንም እዩ። የተጠቀለለ ክር የሚመስለው ዚፕ መሀሉ ሲከፈት ራሱን መልሶ በመሳብ ብቻ ይገጥማል። ትልልቅ የፕላስቲክ ጥርስ ያለው አቧራን ይበልጥ ይችላል፤ ግን አንድ ጥርስ ከወለቀ እዚያ ቦታ ላይ አበቃ። በዚህ ጊዜ ከተሰበረው ጥርስ ከፍ ብላችሁ ሁለቱን ወገን በክር አጥብቃችሁ ስፉት፤ ዚፑ ያጥራል እንጂ ይሠራል። ዋይኬኬ የሚል ጽሑፍ በላቲን ፊደል ያለበት ዚፕ በ1934 ጃፓን ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ጥሩ ዚፕ ነው፣ አስመስለው የሚሠሩትም ስላሉ ግን ጽሑፉን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። አሥር ጊዜ ክፈቱት ዝጉት፣ በተለይ ጥግ ጥጉ ላይ።

አቧራውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ስታደርቁት ከዚያ የሻማ ጫፍ ጥርሱ ላይ ፈትጉበት። የብረት ዚፕ ከሆነ የእርሳስ ጫፍም ይሆናል። ቫዝሊንና ዘይት አትቀቡት፤ ለጊዜው ያሸራትታል፣ በሳምንቱ አቧራ ሰብስቦ እንደ ጭቃ ይይዘዋል።

ማንገቻና ስፌት

የተማሪዎቼ ቦርሳ የሚቀደደው ማንገቻው ከጀርባው ጋር በሚገናኝበት የላይኛው ቦታ ነው። የሚበጠሰውም ማንገቻው ሳይሆን ጨርቁ ነው። እዚያ ላይ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሀሉ የመስቀል ምልክት የሚመስል ስፌት ካለው ጥሩ ነው። ከሌለው አዲስ ሳለ አሰፉት፤ ከውስጥ በኩል የአሮጌ ጂንስ ቁራጭ ይደረግበት። የጥጥ ክር አትጠቀሙ፣ ላብና ውሃ ያበሰብሰዋል። የፖሊስተር ክር ድርብ አድርጋችሁ በሻማ ማሸት ይበቃል። የቱርካና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚሠሩበት የተጠመዘዘ ናይለን ክርም በወስፌ ሲሰፋ በጣም ጠንካራ ነው። አንድ ወጥ የሆነውን የመንጠቆ ክር ግን ተዉት፤ ራሱ ሳይበጠስ ጨርቁን ይቆርጠዋል።

ወረቀቱ

ቦርሳ ሲጠፋ ሌላ ይገዛል። የምዝገባ ወረቀት፣ የልጅ የልደት ማስረጃ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ግን እንደገና ለማውጣት አገር ቤት ያለ መሥሪያ ቤት ድረስ መሄድ ሊጠይቅ ይችላል፤ መሄድ የማይችለው ደግሞ ስደተኛው ነው። ስለዚህ እኔ ሻንጣን የምመዝነው ወረቀቱን በመጠበቁ ነው።

ኬንያ ከኦገስት 28 ቀን 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ወረቀትን በፌስታል ጠቅልሎ የማቆየቱ የድሮ ዘዴ አሁን እዚህ ያስቸግራል። ደግነቱ ከፌስታል የተሻለ ነገር ጣሪያችን ላይ አለ። የዩኤንኤችሲአር ነጭ ሸራ፣ 4 በ5 ሜትር የሆነው፣ ውስጡ ጥቁር ፕላስቲክ ክር ተሸምኖ በሁለቱም በኩል በነጭ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ውሃ አያስገባም፣ ፀሐይ እንዲችል ተብሎም የተሠራ ነው። ከአሮጌ ሸራ ያልደረቀውን ቦታ መርጣችሁ (ጣሪያ ላይ ያለውን አትቁረጡ!) 35 ሴንቲ ሜትር በ1 ሜትር ቁረጡ። ለሁለት እጠፉት፤ እጥፉ ታች ይሆናል። ሁለቱን ጎን ስፉ። 50 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ኪስ ይወጣል። ወረቀቱን ጨምራችሁ አፉን ሦስት ጊዜ ጠቅልላችሁ እሰሩት። መርፌ ባለፈበት ቀዳዳ ውሃ ሊገባ ስለሚችል ወረቀቱ መጀመሪያ ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ይሁን።

የፋይሉ ዓይነትም ለውጥ አለው። ጥርት ብሎ የሚለጠጥና ሽታ ያለው ፕላስቲክ በሙቀት የፎቶ ኮፒውን ቀለም ከወረቀቱ ላይ ልጦ ይወስዳል። ደብዘዝ ያለውና የማይሸተው ይሻላል። ፎቶ ከፎቶ ጋር ፊት ለፊት አታስቀምጡ። እንደ ሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስስ ወረቀት ቤት ውስጥ ሙቀት ብቻ ያጠፋዋል፤ የሆስፒታል ወይም የገንዘብ ደረሰኝ ከሆነ ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉ። ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ። ማኅተሙን በእጅ መርምሮ ማየት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሊመልሰው ይችላል፣ ፕላስቲኩን መላጥ ደግሞ ወረቀቱን መቅደድ ነው። ላሚኔት ለኮፒው ይሁን።

ሲቀመጥ

ከቆርቆሮው በታች ያለው ቦታ የቤቱ በጣም ሞቃት ስፍራ ነው፤ ሻንጣ ቆጥ ላይ አይሰቀል። መሬት ላይም አይቀመጥ፦ ምስጥ ከታች ይመጣል፣ ግድግዳውን ተከትሎም ይወጣል። ሁለት ሦስት ድንጋይ ወይም ጡብ ላይ አድርጋችሁ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ባዶውን አጣጥፋችሁ አትጫኑበት፤ በተጣጠፈበት መስመር ይሰነጠቃል። ልብስ ሞልታችሁ፣ ዚፑን ዘግታችሁ አስቀምጡ። በወር አንዴ ግን አውጥታችሁ አራግፉት፣ ጥላ ላይ ይናፈስ፣ ዚፑም ይንቀሳቀስ። የምግብ ፍርፋሪ የነካው ኪስ ካለ አይጥ በዚፕ አይገባም፣ ጨርቁን ቀዶ ነው የሚገባው። የስልክ ፓወር ባንክ ሻንጣ ውስጥ አታቆዩ፤ ሙቀት ባትሪውን ያሳብጠዋል።

ቀኑ ሲደርስ

ብዙ አየር መንገድ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ይፈቅዳል፣ የሻንጣውን ብዛት ቲኬታችሁ ላይ እዩ። ጠንካራው ሻንጣ ባዶውን 4 እና 5 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ያ የበርበሬና የሽሮ ቦታ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሻንጣ ላይ ተራ ቁልፍ ካደረጋችሁ ፈታሾች ሰብረው ሊከፍቱት ይችላሉ፤ እነሱ ባላቸው መክፈቻ የሚከፈት ልዩ ቁልፍ አለ፣ ካልተገኘ ዚፑን በክር ማሰር ይበቃል። ስማችሁን ከውጭም ከውስጥም ጻፉ፤ የኬዝ ቁጥራችሁን ግን ከውጭ አትጻፉ። ፓወር ባንክ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው።

ከአይኦኤም የሚሰጠው ነጭ ቦርሳ ከእጃችሁ አይለይ፣ ሌላ ሻንጣ ውስጥም አትደብቁት፤ በየኤርፖርቱ የሚጠብቋችሁ ሰዎች በእሱ ነው የሚለዩዋችሁ። ታሽጎ የተሰጣችሁን ፖስታ አትክፈቱ። ስትደርሱ ሻንጣ ካልመጣ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ አስመዝግቡና ቁጥሩን ተቀበሉ። ተሰብሮ ከመጣ፣ የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራባቸው በረራዎች፣ ሻንጣውን ከተቀበላችሁ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ፤ ዘግይቶ ለመጣ ሻንጣ ደግሞ ከተረከባችሁበት ቀን አንስቶ 21 ቀን አለ። የሻንጣ መለያ ቁራጯን ወረቀት እስከዚያ ድረስ አትጣሉ።