ከአንደኛው በላይ

የሒሳብ ውጤት በጾታ ይተነበያል የሚሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1890 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ቢመረምሩ መልካም ነው። በዚያ ዓመት ፊሊፓ ፎሴት የተባለች የኒውነም ኮሌጅ ተማሪ በከባዱ የሒሳብ ፈተና ከወንዶቹ ሁሉ በለጠች። የሴቶቹ ውጤት ለብቻው ይነገር ስለነበር፣ ደረጃዋ «ከአንደኛው በላይ» ተብሎ ተነበበ፤ አንደኛነቱ ግን ለወንዱ ጸና!

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ከፈተናው በፊት የነበረው ዝግጅት ነው። በዚያ ዘመን ከፍተኛውን ደረጃ የሚይዙት በግል አስጠኚ ሥር በብርቱ የሠለጠኑ ተማሪዎች ነበሩ። የፎሴት አስጠኚ ኧርነስት ሆብሰንም ራሱ በ1878 በዚሁ ፈተና አንደኛ የወጣ ነው። እንግዲህ ውጤቷን አስቀድሞ ለመገመት የሚሻ ሰው ማን እንዳስጠናት ቢጠይቅ ይቀናው ነበር።

ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ፎሴት በዚያው ዓመት ዐረፈች።