ውሸታም ብቻውን ሰው አይሰቅልም

አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 መድረክ ላይ ባወጣው «ዘ ክሩሲብል» ተውኔት፣ የሴለም መከራ የሚቀጣጠለው በቅናት ነው። አቢጌል የምትባል ወጣት የምትወደውን የጆን ፕሮክተርን ሚስት «ጠንቋይ ናት» ትላለች። በእውነተኛው ታሪክ ግን፣ በ1692፣ አቢጌል የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፕሮክተር 60 ዓመት ገደማው። የፍቅሩን ጣጣ የጨመረው ሚለር ነው።

ታዲያ 19 ሰው ማን ሰቀለ? ችሎቱ ነዋ! ልጆቹ «መንፈሷ መጥቶ አሠቃየኝ» ሲሉ ዳኞቹ ማስረጃ ነው ብለው ተቀበሉ። «አዎ፣ ጠንቋይ ነኝ» ያለ ተረፈ፣ የካደ ተሰቀለ።

እኛም ጋ፣ ከዚያ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) «ደስክንና ዲኖን ያመልካል» የሚል ክስ አገሩን አሸብሮ ነበር። ሰው ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ ክንዱ ላይ ሰይጣንን የሚክድ ቃል እንዲይዝ ታዘዘ። ክሱ ቤተ መንግሥት ገብቶ የንጉሡን የገዛ ልጆች በላ። ዜና መዋዕሉ በሐሰተኛ ከሳሾች ያሳብባል። ግን ሰምተው የፈረዱት ማን ነበሩ? ንጉሡ ራሳቸው።

ሚለር ዳኞቹን አልማራቸውም፤ ተመልካች ይዞ የሚወጣው ግን አቢጌልን ነው። ውሸታም መርገም ይቀላላ! ሐሜት የሌለበት አገር የለም፤ ሐሜት ሰው የሚገድለው ሥልጣን ያለው ሰው ያለ ማስረጃ ሲያምነው ነው። ሴለም ውስጥ በጥቅምት 1692 አገረ ገዢው ችሎቱን በተነ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አዲሱ ችሎት የመንፈስ ምስክርነት አልቀበልም አለ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልተሰቀለም። የተለወጠው ሰሚው ነው።