የድጓው እርማትና የቅኔው እርማት

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ስማቸው የቆየ አገሮች ናቸው። ከሁሉም ይልቅ የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን ትታወቃለች፤ በሌላ ደብር ድጓ የተማረ ሁሉ ዕውቀቱን ለማስመስከር ወደዚያ ይጓዛል።

ድጓ የ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት መሆኑ በትውፊት የታወቀ ነው። የዜማ ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ተማሪው ይህን ሰፊ መጽሐፍ በገዛ እጁ ይገለብጣል፤ መምህሩም ያርምለታል። በቃሉ ራስ ላይ የሚጻፉት ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደትና ጭረት ቦታቸውን ከለቀቁ ዜማው ይለወጣልና፣ በዚህ እርማት የሚፈለገው ቅጂው ከዋናው ጋር መግጠሙ ብቻ ነው። የተማሪው አሳብ ቦታ የለውም።

ወደ ቅኔ ጉባኤ ለተሻገረ ደቀ መዝሙር ግን እርማት ሌላ መልክ ይይዛል። ቅኔ ዘወትር አዲስ መሆን ስላለበት የሚመሳከርበት ዋና ቅጂ የለውም። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። ቀን ለብቻው ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ይህም ነገራ ይባላል። ሰሚው የግሱን እርባታ፣ የቤቱን ልክና የሰምና ወርቁን መስማማት መርምሮ ያቃናል። መምህሩ ራሱ የሚዘርፈው ቅኔ አርኣያ ነው እንጂ ተማሪው በማግሥቱ የእኔ ብሎ የሚነግረው አይደለም።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሁለቱ ሲምታቱ ይታያል። የተማሪው ድርሰት እንደ ድጓ ቅጂ በቀይ ቀለም ይታረምና አሳቡ የመምህሩ ሆኖ ይመለሳል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ናንሲ ሶመርስ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው ጽሑፍ የመምህራን አስተያየት ተማሪውን ከራሱ ዓላማ ወደ መምህሩ ዓላማ ሊያዞር እንደሚችል አመልክታለች። ነገራን የሚያውቅ ሰው ለዚህ እንግዳ አይሆንም።

በምህንድስና ሥራም ሁለቱም እርማቶች ያስፈልጋሉ። የስሌትና የንድፍ ልኬት እንደ ድጓው ነጥብ በነጥብ ሊመሳከር ይገባዋል፤ ስሕተቱ ሕንፃ ያፈርሳልና። የወጣቱ መሐንዲስ የጥናት ዘገባ ግን እንደ ቅኔው ነው። አለቃው ከራስ እስከ ግርጌ ጽፎ ቢሰጠው ወጣቱ ይፈርምበታል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን ሊያስረዳ አይችልም። ጉድለቱ ተነግሮት ራሱ መልሶ ሲጽፈው ግን ዘገባውም መልሱም የራሱ ይሆናሉ።