ግብ ያገባው መንግሥቱ፣ ያሠለጠነው መንግሥቱ

ቢቸናና ሞጣ ላደግን ልጆች ጀግና ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን በላይ ዘለቀ ነው። ወሬው ወደ ኳስ ሲዞር ግን ትልልቆቹ ሌላ ስም ያነሳሉ፤ የጎንደሩን ልጅ መንግሥቱ ወርቁን። ችግሩ ታሪኩ ሁልጊዜ እኩሌታው ላይ ይቆማል። ግብ ያገባውን መንግሥቱን ይተርኩልናል፤ ያሠለጠነውን መንግሥቱን ማንም አያነሳልንም።

እስቲ ከሚታወቀው እንጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ተጋጣሚያችን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። ሁለቴ ተመርተን ሁለቴ አቻ ሆንን፤ ሁለተኛዋን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አገባት። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ መሪ አደረገን። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ አራተኛዋን ጨመረ፤ 4 ለ 2። በዚያ ውድድር 3 ግብ አስቆጥሮ ከግብፁ ባዳዊ ጋር ኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪኩ በድምሩ 10 ግብ አለው።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። መንግሥቱም ጫማውን ሰቅሎ በእሳቸው መንገድ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን ይዞ ሊቢያ ወደተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ተጓዘ።

ከዚያስ? በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን። 10 ግብ ያገባ ሰው ያሠለጠነው ቡድን አንድም ግብ ሳያስቆጥር አገሩ ገባ! መጀመሪያ ስንሰማ እኛም ስቀን ነበር።

ቆይተን ግን ምድቡን አየነው። ናይጄሪያ ያለፈውን ዋንጫ የበላች ናት። ዛምቢያ ውድድሩን በሦስተኛነት ጨረሰች። አልጄሪያ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ጥላ ዓለምን ጉድ ያሰኘች ቡድን ነች። እርግጥ ከኛ ጋር ስትጫወት ማለፏን ቀድማ አረጋግጣለች። ቢሆንም ያችን አንድ ነጥብ በነፃ አልሰጠችንም።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ለ31 ዓመት ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለስንም። አሠልጣኝ መጣ፣ አሠልጣኝ ሄደ፤ በሩ ግን አልከፈት አለ። በመጨረሻ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የሰውነት ቢሻው ልጆች ሱዳን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፉበትን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው፣ ከሜዳ ውጪ ባገቡት ግብ አለፉ። አገሩ በጭፈራ ተናወጠ። ያን ያህል የጨፈርነው ለምን ነበር? ለማለፍ ብቻ! መንግሥቱ በ1974 ያደረሰን እዚያው በር ድረስ ነበር፤ ያኔ ግን ግብ አልባ ተብሎ ተረሳ።

መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. ስላረፈ ያችን የጥቅምት ቀን አላያትም። እኛ ግን አይተናል። አሠልጣኝ በሦስት ጨዋታ ውጤት ሲወገዝ በሰማን ቁጥር እሱ ትዝ ይለናል። ትልልቆቹም የ1954ን ሲያወሩልን ደስ ብሎን እንሰማለን፤ ሲጨርሱ ግን «የ1974ስ?» እንላቸዋለን።