ምንጩ ያልተገኘ ድምፅ

በክብረ በዓል ሰቆጣ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ከሩቅ የሚሰማው ከበሮው ነው፣ ጸናጽሉን ለመስማት ግን ቀረብ ማለት ያስፈልጋል። ትልቁ ጎርናና፣ ትንሹ ቀጭን ድምፅ አለው። ጓደኞቼ፣ የሰማዩም ሕግ ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1916 ግዙፍ አካላት ሲሽከረከሩ ሕዋውን ራሱን ያንቀጠቅጡታል ሲል ጻፈ፤ ይኸውም የስበት ሞገድ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ዌበር ትልልቅ የአሉሚኒየም ግንዶች ሰቅሎ ሲያዳምጥ ቆየና በ1969 «ሰማሁ» አለ። በ1970ዎቹ ሌሎች የየራሳቸውን መሣሪያ ሠርተው ቢያዳምጡ ግን ምንም አጡ። ዌበር በ2000 እስኪሞት ድረስ ከቃሉ ፈቀቅ አላለም።

እውነተኛው ድምፅ የተያዘው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው። 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁ ሁለት የላይጎ ጣቢያዎች በአንድ ቃል መሰከሩ። እያንዳንዳቸው ፀሐይን 30 ጊዜ ያህል የሚከብዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተጋጭተው ኖሯል። ይሄ እንግዲህ ከበሮው ነው።

ጸናጽሉስ? የሞቱ ከዋክብት ቅሪት ሲጋጭ የሚሰጠው ድምፅ በሴኮንድ ከጥቂት ሺህ ንዝረት እምብዛም አያልፍም። ከ10 ሺህ እጅግ የበለጠ ቢሰማ ምንጩ ሌላ መሆን አለበት። ተጠርጣሪዎቹም እነሆ፦ በዓለም ጅማሬ የተወለዱ፣ ከፀሐይ በጣም ያነሱ ጥቁር ጉድጓዶች፤ አክሲዮን የተባለ ገና ያልተገኘ ቅንጣት በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚሠራው ደመና፤ ወይም ዓለም ገና ትኩስ ሳለች ጠባይዋን ስትለውጥ የተረፈ ንዝረት። የመጀመሪያዎቹን 380 ሺህ ዓመታት ብርሃን ሊነግረን አይችልም፤ መውጫ አልነበረውምና። የስበት ሞገድን ግን የሚያግደው የለም። ሆኖም ከነዚህ አንዱም እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ታዲያ ይሄ ለታሪክ ተማሪ ምኑ ነው? ስለ ዛጉዌ ዘመን የጥናት ሐሳብ ባቀርብ አንድ መምህር «ምንጭ የለውም» ብለው መለሱልኝ። ተናደድኩ። ግን ከፊል እውነት አላቸው፤ የላሊበላ ገድል እንኳ የተጻፈው ሥርወ መንግሥቱ በ1270 ከወደቀ በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ቢሆንም ዝምታ «ምንም አልነበረም» ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የጆሮ ናፍቆት ድምፅ አይፈጥርም፤ ዌበርን ያየ ይጠንቀቅ።

ስለዚህ ለክረምት ሰቆጣ ስገባ አንድ ሽማግሌ በኽምጣና የሚያወሩኝን እጽፋለሁ። ከዚያ ተራራውን ተሻግሬ እሳቸውን የማያውቁ ሌላ ሽማግሌ እጠይቃለሁ። ቃላቸው ከገጠመ ምንጭ አገኘሁ። ካልገጠመም «አልሰማሁም» ብዬ እጽፋለሁ።